ላይን ፕሎት በፎሶሊያ፦ ከመለካት እስከ ማንበብ

አሜሪካ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች ይህን ወረቀት ሳታዩት አትቀሩም። አንድ አግድም መስመር አለ። ከሥሩ 4½፣ 4⅝፣ 4¾ የሚሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ከላዩ ደግሞ የኤክስ ምልክቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። ላይን ፕሎት ይሉታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ባር ግራፍና ላይን ግራፍ ስለሆነ፣ እጃችን ኤክሶቹን በመስመር ወደ ማገናኘት ይሄዳል። እሱን ተዉት። እዚህ ምንም ነገር ከምንም አይገናኝም። ያለው መስመር ከታች የተጋደመው የቁጥር መስመር ብቻ ነው።

በ2010 በወጣው ኮመን ኮር በሚባለው የትምህርት መመዘኛ፣ ላይን ፕሎት ከ2ኛ ክፍል ይጀምራል። እዚያ ልጆቹ በሙሉ ኢንች ወይም በሙሉ ሴንቲሜትር ይለካሉ። 3ኛ ክፍል ላይ ግማሽና ሩብ ኢንች ይገባል። 4ኛ ክፍል የኢንች ስምንተኛ (⅛) ይመጣል፤ ከላይን ፕሎቱ ላይ እያነበቡ መደመርና መቀነስም ይጀመራል። 5ኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ይታከልበታል። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣላችኋል። ቨርጂኒያ ኮመን ኮርን አልተቀበለችም፤ የራሷ መመዘኛ አላት። የክፍል ደረጃው ሊለያይ ይችላል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እኔ እዚህ 4ኛ ክፍልን ይዤ እሄዳለሁ። ቤቱ የሚረበሸው ስምንተኛ ሲመጣ ነው።

የቤት ሥራው ወረቀት አንድ ችግር አለው። ልኬቱ ተለክቶ ያለቀ ሆኖ ይመጣል። ልጁ ማን እንደለካው፣ ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ አያውቅም። ቁጥር ወስዶ ኤክስ ማድረግ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራሳችሁ የለካችሁትን ነገር ሥሩ። እኔ የምመርጠው ፎሶሊያ ነው። ቀጥ ያለ ነው። ማስመሪያ ላይ ይበቃል። አንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ አለ። ርዝመታቸው ይቀራረባል እንጂ አይተካከልም፣ ላይን ፕሎት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ከካሮት ጋር ይሠራል፣ የሚጣል ነገር የለም። ቃሪያ ይጠማዘዛል፤ ለመለካት ክር ያስፈልገዋል። አዲስ የክሬዮን ፓኬት አታውጡ፣ ሁሉም እኩል ስለሆነ ኤክሱ ሁሉ አንድ ቦታ ይከመራል። ፎሶሊያ ከሌለ ያገለገሉ እርሳሶች ይሆናሉ። ዘመድ ሰብሰብ ባለበት ቀን ከሆነ ደግሞ የሁሉንም ሰው ስንዝር በኢንች መለካት በጣም ደስ ይላል።

የሚያስፈልገው 15 ያህል ፎሶሊያ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ከተገኘ ባለ ካሬ ወረቀት።

አንደኛ፦ ማስመሪያውን ማንበብ

ይህን አትዝለሉ። እኛ በሴንቲሜትር ያደግን ሰዎች ሴንቲሜትር በአሥር ስለሚከፈል ማስመሪያ ማንበብ ቀላል ይመስለናል። ኢንች ግን በአሥር አይከፈልም። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ ከዚያ ደግሞ የእሱ ግማሽ እየተባለ ነው የሚሄደው።

ከ0 እስከ 1 ያሉትን ክፍተቶች ከልጁ ጋር ቁጠሩ። ጭረቶቹን ሳይሆን ክፍተቶቹን። ብዙ ማስመሪያ ላይ 16 ናቸው። አሁን የጭረቶቹን ቁመት ተመልከቱ። ረጅሙ ሙሉ ኢንች ነው። መሀል ላይ ያለው ቀጣዩ ረጅም ግማሽ ነው። ከእሱ አጠር የሚሉት ሩብና ሦስት ሩብ ናቸው። ከእነሱ የሚያጥሩት ስምንተኛዎቹ ናቸው። በጣም አጫጭሮቹ አሥራ ስድስተኛ ናቸው፤ ለ4ኛ ክፍል አያስፈልጉም።

ልጁ ከጭረቱ ብዛት የተነሣ ግራ ከተጋባ ይህን ሞክሩ። ማስመሪያው ጠርዝ ላይ፣ ከጭረቶቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከ4 እስከ 6 ባለው ቦታ ስምንተኛዎቹን ብቻ እየመረጣችሁ በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩና ስማቸውን ጻፉ፦ 4⅛፣ 4¼፣ 4⅜፣ 4½ እያላችሁ። ልጁ ራሱ ቢጽፈው ይሻላል። ከአምስት ፎሶሊያ በኋላ ፕላስተሩን ማየት ይተዋል።

ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛው ዜሮው ነው። አንዳንዱ ማስመሪያ ከጫፉ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ዜሮው ያለው። የፎሶሊያው ጫፍ መግጠም ያለበት ከዜሮው ጭረት ጋር እንጂ ከማስመሪያው ጫፍ ጋር አይደለም። ጫፉ የተሰበረ ከሆነ ከ1 ጀምሩና ከውጤቱ 1 ቀንሱ። ሁለተኛው ሴንቲሜትሩ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። ልጃችሁ አንዷን ፎሶሊያ «12!» ካለ ማስመሪያው ተገልብጧል።

ሁለተኛ፦ ደንብ ማውጣትና መለካት

ፎሶሊያ ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ በኩል አንገቱ፣ በሌላው በኩል እንደ ጭራ የቀጠነው ጫፍ። ከየት እስከ የት ነው የሚለካው? ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። አንገቱ ተቀንጥሶ ይለካ፣ ወይም ሁሉም ሳይቀነጠስ ይለካ። የትኛውም ያስኬዳል፤ ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ከሆነ ግን የሚወጣው ነገር የፎሶሊያ ርዝመት አይሆንም፣ የቢላ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ስለ ማጠጋጋት ነው። ፎሶሊያ ጭረት ላይ ልክ ገጥሞ አይቆምም። በሁለት ስምንተኛዎች መሀል ከወደቀ ወደሚቀርበው ይጻፋል። ልክ መሀል ላይ ከሆነ ወደ ትልቁ ይሂድ። ይህም አስቀድሞ ይነገር፤ አለበለዚያ ለእያንዳንዷ ፎሶሊያ ክርክር ይነሣል።

ልጁ ይለካል፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። ወይም በተቃራኒው። በተለካው ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ገና አታስተካክሉ። 15ቱ ፎሶሊያዎች ይህን ሰጡን እንበል፤ ሁሉም በኢንች ነው፦

4¾፣ 5፣ 4½፣ 5¼፣ 4¾፣ 4⅛፣ 5፣ 4⅝፣ 4½፣ 4¾፣ 5፣ 4⅞፣ 4¾፣ 5¼፣ 4½

የተለካችውን ፎሶሊያ ወደ ሌላ ሳህን አዙሯት። አንዷ ሁለት ጊዜ እንዳትለካ ነው። የተለኩትን እንዳትበሏቸውም፤ በኋላ ላይ እንመለስባቸዋለን።

ሦስተኛ፦ መስመሩን ማስመር

ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሹንና ትልቁን ፈልጉ። እዚህ 4⅛ እና 5¼ ናቸው። መስመሩ ሁለቱንም መያዝ አለበት፣ በሁለቱም በኩል ትንሽ ቢተርፍ ጥሩ ነው። ከ4 እስከ 5½ እንበል።

«ከዜሮ መጀመር የለበትም ወይ?» የሚል ልጅ አለ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ባር ግራፍ ላይ ቁመቱ የሚቆጠረው ከዜሮ ስለሆነ ከሌላ ቦታ መጀመር ዓይንን ያታልላል። ላይን ፕሎት ላይ ግን ከታች ያለው መስመር ቦታ ማሳያ ብቻ ነው። ከ4 ቢጀምር የሚታለል የለም። አንዳንድ መምህራን ከ4 በፊት የተቆረጠ መሆኑን የሚያሳይ የተጣመመ ምልክት እንዲደረግ ይፈልጋሉ። ከጠየቁ አድርጉት።

ከ4 እስከ 5½ በስምንተኛ ስንሄድ 12 ክፍተት አለ። ጭረቱ ግን 13 ነው፣ መጀመሪያው ጭረት ራሱ ስለሚቆጠር። ልጁ 12 ጭረት አድርጎ «5½ አልደረሰልኝም» ካለ ችግሩ ይህ ነው።

ክፍተቶቹ እኩል መሆን አለባቸው። ባለ ካሬ ወረቀት ከሆነ አንዱ ካሬ አንድ ስምንተኛ ይሁን። ተራ ወረቀት ከሆነ የማስመሪያውን ሴንቲሜትር በኩል ተጠቀሙና በየ1 ሴንቲሜትሩ ጭረት አድርጉ፤ 12 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ልብ ይበቃል። ኢንቹን እዚህ አለመጠቀም ይሻላል። ልጁ «ወረቀቱ ላይ ግማሽ ኢንች የሄድኩት ስምንተኛ ነው» የሚለው ነገር ያምታታዋል።

አሁን ስም መስጠት። ልጁ መጀመሪያ ሁሉንም በስምንተኛ ይጻፍ፦ 4፣ 4 1/8፣ 4 2/8፣ 4 3/8፣ 4 4/8 እያለ። ከዚያ የሚቃለሉትን ያቃልል። 2/8 ሩብ ነው፣ 4/8 ግማሽ ነው፣ 6/8 ሦስት ሩብ ነው። ይህን ዘልሎ በቀጥታ ከገባ፣ 4½ን ከ4⅝ በኋላ የሚያስቀምጥ ልጅ ብዙ ነው። ታህቱ ትንሽ ስለሆነ ክፍልፋዩ ትልቅ ይመስለዋል። 4 4/8 እና 4½ ደግሞ አንድ ጭረት ናቸው፣ ሁለት ቦታ አይሰጣቸውም።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ይመጣል። ልጁ ዝርዝሩን ያይና ያሉትን ቁጥሮች ብቻ መስመሩ ላይ ይደረድራል፦ 4⅛፣ ቀጥሎ 4½፣ ቀጥሎ 4⅝። 4¼ እና 4⅜ የሉማ! ፎሶሊያ ስላልተገኘላቸው ተባረሩ። አይባረሩም። ማንም ባይደርስባቸውም ቦታቸው ይጠበቃል። ከጠፉ 4⅛ እና 4½ ጎረቤት ይመስላሉ፣ በመካከላቸው ግን ሦስት ክፍተት አለ። ባዶው ቦታ ራሱ የሚያወራው ነገር አለ።

አራተኛ፦ ኤክሶቹን ማስቀመጥ

ከዝርዝሩ አንድ ቁጥር ይወሰዳል፣ ከጭረቱ በላይ አንድ ኤክስ ይደረጋል፣ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ይሰረዛል። ቀጣዩ። አንድ በአንድ። «4¾ ስንት ጊዜ አለ? አራት፣ በቃ አራት ላድርግ» የሚለው ይፈጥናል፣ ግን አንዱ ይዘለላል። እየሰረዙ መሄዱ ይሻላል።

ኤክሶቹ መጠናቸው እኩል ይሁን፤ ሁሉም በየካሬው ውስጥ ይቀመጥ። ልጆች አንዱን ኤክስ ትልቅ አንዱን ትንሽ ያደርጉና ሦስት ኤክስ ያለበት ከአራቱ በልጦ ይቆማል። የላይን ፕሎት ጥቅሙ ሳይቆጠር በዓይን መታየቱ ነው፣ ያ ይበላሻል።

እዚህ ለማሳየት እንዲመቸኝ መስመሩን አቁሜዋለሁ። ወረቀታችሁ ላይ መስመሩ ይጋደማል፣ ኤክሶቹ ወደ ላይ ይቆለላሉ።

የፎሶሊያዎቻችን ርዝመት፣ በኢንች (አንድ × አንድ ፎሶሊያ ነው)

4
4⅛ ×
4¼
4⅜
4½ × × ×
4⅝ ×
4¾ × × × ×
4⅞ ×
5 × × ×
5⅛
5¼ × ×
5⅜
5½

ርዕሱን አትርሱ። መለኪያውንም ጭምር፦ «በኢንች»። ኤክስ ምን ማለት እንደሆነም ይጻፍ። አልፎ አልፎ አንድ ኤክስ ሁለት ዕቃ የሚወክልበት ጥያቄ ስለሚመጣ ልጁ ያቺን መስመር መፈለግ ይልመድ።

መጨረሻ ላይ ኤክሶቹን ቁጠሩ። 1፣ 3፣ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 2፤ ድምሩ 15። ፎሶሊያውም 15። ካልገጠመ የተዘለለ ወይም የተደገመ አለ።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ልጅ ካላችሁ፣ በኤክሴል «ላይን ቻርት» የሚለውን ቢመርጥ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ እርሳስ ይበልጣል።

ማንበብ

አሁን ጥያቄ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አስደርጉት። ጣታችሁን 4¾ ላይ አድርጉና «ይሄ ምን ይላል?» በሉት። «አራት» ካለ አትቀበሉት። «አራት ምን?» በሉት። ሙሉው መልስ «4¾ ኢንች የሆኑ አራት ፎሶሊያዎች አሉ» ነው። ላይን ፕሎት ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ከታች የተጻፈው ርዝመት ነው። ኤክስ ተቆጥሮ የሚገኘው ብዛት ነው። ልጁ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በየቦታቸው ማስቀመጥ ከቻለ፣ የቀረው ሁሉ ሒሳብ ብቻ ነው።

ይህ ያልገባው ልጅ እንዴት እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። «ረጅሙ ፎሶሊያ ስንት ነው?» በሉት። ከፍ ብሎ የተቆለለውን አይቶ «4¾» ይላል። እሱ የበዛው ነው። ረጅሙ በስተቀኝ ጫፍ ያለው 5¼ ነው፣ ሁለት ኤክስ ብቻ ቢኖረውም።

ሌላው ወጥመድ በእንግሊዝኛው አባባል ውስጥ ያለ ነው። «ሎንገር ዛን 5» ከተባለ 5 ራሱ አይገባም፤ መልሱ 2 ነው። «አት ሊስት 5» ከተባለ ግን 5ም ይቆጠራል፤ 3 ሲደመር 2፣ መልሱ 5 ነው። ልጁ የሚቸገረው ሒሳቡ ላይ አይደለም፣ ቃሏን ሳያያት ነው የሚያልፈው። እንዲያሰምርባት አስለምዱት።

«ስንት ፎሶሊያ ተለካ?» እና «ስንት የተለያየ ርዝመት ተገኘ?» የሚባሉትም ይምታታሉ። የመጀመሪያው መልስ 15 ነው። የሁለተኛው 7 ነው፣ ቢያንስ አንድ ኤክስ ያለባቸው ጭረቶች ብዛት።

መቀነስ ሲመጣ የቁጥር መስመሩን እንደ መሣሪያ ተጠቀሙበት። «በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው?» ይህ በየቤት ሥራው አለ። 5¼ ሲቀነስ 4⅛። ሩቡን ወደ ስምንተኛ እንለውጥ፦ 5 2/8 ሲቀነስ 4 1/8፣ መልሱ 1⅛ ኢንች። ይህ ቀላሉ ነው። ከ5¼ ላይ 4½ ቢቀነስስ? እዚህ ከሙሉው መበደር ይመጣል፤ ልጅ የሚያለቅሰው እዚህ ነው። መበደሩን ለጊዜው ተዉትና ጣት በመስመሩ ላይ ይሂድ። ከ4½ እስከ 5 ግማሽ ነው። ከ5 እስከ 5¼ ሩብ ነው። ግማሽና ሩብ፣ ሦስት ሩብ። ወይም ክፍተቶቹን መቁጠር ነው፤ ስድስት ክፍተት፣ 6/8፣ ያው ¾። መጀመሪያ በጣት ካገኘው በኋላ በጽሑፍ ሲሠራው መልሱን የሚያመሳክርበት ነገር ይኖረዋል።

መደመርም እንዲሁ ነው። «4½ ኢንች የሆኑት ፎሶሊያዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ስንት ይሆናሉ?» 4½ ሲደመር 4½ ሲደመር 4½፣ 13½ ኢንች። አላመነም? ፎሶሊያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ይደርድራቸው።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ልጅ ካለ

ታናሽየው 3ኛ ክፍል ከሆነ ያንኑ ፎሶሊያ በሩብ ይለካ። ስምንተኛዎቹ ወደሚቀርባቸው ሩብ ይሄዳሉ፤ ልክ መሀል ያሉትን በደንባችን መሠረት ወደ ላይ እንወስዳቸዋለን። 4¼ ላይ 1፣ 4½ ላይ 3፣ 4¾ ላይ 5፣ 5 ላይ 4፣ 5¼ ላይ 2 ይሆናል። መልኩ አልጠፋም፣ ጠቅለል አለ እንጂ። ጨዋታው ደስ የሚለው 2ኛ ክፍል ላይ ነው። በሙሉ ኢንች ሲለካ 4 ላይ አንድ ኤክስ፣ 5 ላይ አሥራ አራት ኤክስ ይሆናል። ያቺ 4⅛ ብቻዋን ቀርታ ሌላው ሁሉ 5 ሆነ።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልጆቹ ይዩት። መለኪያው ሲሰፋ ልዩነቱ ይጠፋል። በጣም ሲጠብ ደግሞ፣ ለምሳሌ በአሥራ ስድስተኛ፣ ኤክሶቹ አንድ አንድ ሆነው ይበታተኑና የሚታይ ነገር ይጠፋል። የትኛው መለኪያ ይሻላል የሚለው ለፎሶሊያ ሌላ፣ ለበር ቁመት ሌላ ነው። የቤት ሥራው ወረቀት ይህን ምርጫ ራሱ ስለሚመርጥ ልጁ ምርጫ እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ለ2ኛ ክፍል ሌላም መንገድ አለ። አንድ ዕቃ ደጋግሞ መለካት። የሶፋውን ርዝመት ሁሉም የቤቱ ሰው በየተራ ይለካና ሌላው ሳያይ ይጻፍ። ከዚያ ላይን ፕሎት ይሠራ። ሶፋው አንድ ነው፣ ኤክሶቹ ግን አንድ ቦታ አያርፉም። ልጆች በዚህ በጣም ይስቃሉ።

5ኛ ክፍል፦ እኩል ማከፋፈል

5ኛ ክፍል ላይ አንድ ጥያቄ በተለያየ መልክ ይመላለሳል። ብርጭቆዎች ውስጥ የተለያየ መጠን ውሃ አለ፤ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ስንት ያገኛል? የሚፈለገው አማካይ ነው፣ ግን ስሙን ሳይጠሩ ነው የሚያስገቡት።

ስምንት ብርጭቆ አለ እንበል፤ መለኪያው የማድ ቤት ኩባያ ነው።

⅛ × ×
¼ × ×
⅜
½ × × ×
⅝
¾ ×

ልጆች እዚህ የሚሠሩት ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ያሉትን አራት ቁጥሮች ⅛፣ ¼፣ ½፣ ¾ ይደምሩና ለአራት ያካፍላሉ። ኤክሶቹን ረሷቸው። ሁለት ብርጭቆ ነው ⅛ ያለው፤ ስለዚህ 2 ጊዜ ⅛፣ ሩብ ይሆናል። 2 ጊዜ ¼፣ ግማሽ። 3 ጊዜ ½፣ አንድ ተኩል። 1 ጊዜ ¾፣ ሦስት ሩብ። ድምሩ 3 ኩባያ። ብርጭቆው 8 ነው። 3 ለ8 ሲካፈል ⅜ ኩባያ።

አሁን ላይን ፕሎቱን ተመልከቱ። ⅜ ላይ አንድም ኤክስ የለም። ሁሉም እኩል ሲካፈል የሚደርሰው መጠን መጀመሪያ ላይ ማንም ብርጭቆ ውስጥ አልነበረም። ልጁ «ኤክስ የሌለበት መልስ ስሕተት ነው» ብሎ ከሰረዘው፣ በእውነት ውሃ ቀድታችሁ አሳዩት። አንድ ማሰሮ ውስጥ ገልብጡ፣ 3 ኩባያ መሆኑን ለኩ፣ መልሳችሁ ለስምንቱ አከፋፍሉ። የማድ ቤቱ ኩባያ ብዙ ጊዜ ⅜ የሚል ምልክት የለውም፤ ሩብ ኩባያ ሞልታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ⅛ ኩባያ ነው።

መልኩ ምን ይላል?

የቤት ሥራው እዚህ ያበቃል። እኔ ግን የላይን ፕሎት ዋናው ጥቅም ከዚህ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ወደ ፎሶሊያዎቹ ተመለሱና ወረቀቱን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ እዩት።

መጀመሪያ የሚታየው ክምችቱ ነው። ከ15ቱ 12ቱ ከ4½ እስከ 5 ባለው ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ያቺ 4⅛ ብቻዋን ቆማለች፣ ከኋላዋ ባዶ ቦታ አለ። እንደዚህ ብቻውን የወጣ ኤክስ ሲታይ መጠየቅ ነው። ፎሶሊያዋ በእውነት አጭር ናት? ጫፏ ተሰብሮ ነው? ወይስ ከዜሮው ሳይሆን ከማስመሪያው ጫፍ ተለካች? ሳህኑ ላይ ስላለች አንስቶ ማየት ነው።

ከዚያ ደግሞ ቶሎ የማይታይ ነገር አለ። ኤክሶቹ የትኞቹ ጭረቶች ላይ በዝተዋል? ሙሉው፣ ሩቡ፣ ግማሹና ሦስት ሩቡ ላይ። እነዚህ ላይ 12 ኤክስ አለ። ስምንተኛ ላይ ብቻ የሚገኙት፣ ማለትም ⅛፣ ⅜፣ ⅝፣ ⅞ ላይ፣ በጠቅላላው 3 ብቻ። ፎሶሊያ ሩብ ኢንች እየመረጠ አያድግም። በእኩል ዕድል ቢሆን ወደ ግማሽ ግማሽ መከፋፈል ነበረበት። 15 ፎሶሊያ ጥቂት ነው፣ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። የሚለካው ሰው ዓይን ወደ ረጅሙ ጭረት ይሳባል። 4¾ ላይ ያለው ጭረት ጎላ ብሎ ስለሚታይ ትንሽ ያለፈውም ትንሽ የጎደለውም «4¾» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የልጆች ብቻ አይደለም። ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ 30 እና 40፣ 35 እና 45 ላይ የሚበዙት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የሕዝብ ቆጠራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ለይተው ያርማሉ።

ስለዚህ 4½፣ 4¾ እና 5 ላይ ያሉትን አሥር ፎሶሊያዎች መልሱና በድጋሚ ለኩ። አሁን ልጁ ዓይኑን ከማስመሪያው በላይ በቀጥታ ያድርግ፤ በጎን በኩል ካየ ጭረቱ ይዘዋወራል። ሌላ ሰው ቢለካ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳይነግሩት። ቦታ የቀየረች ፎሶሊያ ካለች የድሮው ኤክስ ይሰረዝ፣ አዲሱ በሌላ ቀለም ይደረግ። ከዚያ እንደገና ቁጠሩ። ኤክሶቹ የትም ቢሄዱ አሁንም 15 መሆን አለባቸው። 14 ከሆኑ አንዷ ተበልታለች።